ለፋሲካ ከልጆች ጋር እንቁላል ማስጌጥ፦ ሐሳብ ያላችሁ እርዱኝ

የመንታዎቹ እናት (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ለፋሲካ የእህቶቼም የጎረቤትም ልጆች እኛ ቤት ናቸው፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 11። እንቁላል ቀለም እንቀባ ብለው ወጥረው ይዘውኛል፣ ቲቪ ላይ አይተው ነው መሰለኝ። የእንቁላል ቀለም ሱቅ ጠይቄ አጣሁ፣ የትምህርት ቤት ቀለም ደግሞ እንቁላሉ የሚበላ ስለሆነ ፈራሁ። ቤት ባለ ነገር ይሆናል? ጾሙስ? እንዲባክንም አልፈልግም፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

የመንዝ ልጅ
አንቺ፣ ቀለሙ እጅሽ ላይ ነው እኮ! ለዶሮው ቀይ ሽንኩርት ትልጪ የለ? ደረቁን የላይኛውን ልጣጭ አትጣይው። ሁለት ሦስት እፍኝ በአንድ ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት ቀቅይና አጥልይው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሪበት፣ ከዚያ እንቁላሉን እዚያው ውሃ ውስጥ ቀቅይ። ኮምጣጤው ቅርፊቱን ትንሽ ስለሚበላው ቀለሙ ቶሎ ይይዛል። ከሸክላ ቀይ እስከ ቡና ዓይነት ይወጣልሻል፣ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል።
ቀኑ ቅዳም ስዑር ነው። ቄጤማው ግንባር ላይ ታስሮ፣ ሽንኩርቱ እየተቁላላ፣ ልጆቹ ደግሞ በጎን ሥራ ይዘው። ጾም የሚያስፈታ ነገር የለውም፣ ማንም አይቀምስም። ከጨዋታው በኋላ ልጠሽ ወጡ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ፣ ምን ይባክናል?

ቆለኛዋ (ሸዋ ሮቢት)
ለቢጫ እርድ፣ ለሮዝ ቀይ ሥር። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጥቅል ጎመን ካገኘሽ ደግሞ ከትፈሽ ቀቅይው፣ ውሃው ሐምራዊ ሆኖ ሳለ ነጭ እንቁላል ሲያድርበት ሰማያዊ ይሆናል፣ ልጆቹ አያምኑም። ነጣ ያለውን የሐበሻ እንቁላል ምረጪ፣ ቡኒው ላይ ቀለሙ ይደበዝዛል። እርድ ደግሞ ልብስ ከነካ አይለቅም፣ የበዓል ቀሚሳቸውን አሮጌ ነገር ሳታለብሺ እንዳታስጀምሪያቸው። የሚበላውን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ አስገቢው፣ ማሳደሩም እዚያው ይሁን፣ በተለይ እንደኛ ቆላ ለሆናችሁ።

ጣርማበር
ቅጠሉን ማን ረሳው? የድንብላል ወይ የእንስላል ቅጠል ውሃ ነክረሽ ጥሬው እንቁላል ላይ ለጥፊ፣ በጣትሽ ጫፍ ጫፉን ሁሉ ተጫኚው። በአሮጌ ስቶኪንግ ጠቅልለሽ ከኋላ ጥብቅ አድርገሽ በክር ቋጥሪ፣ ከዚያ የሽንኩርቱ ውሃ ውስጥ ቀቅይ። ስትፈቺው ቅጠሉ ከነሥሩ ነጭ ሆኖ ታትሞ ታገኚዋለሽ። ቅጠሉ ከላላ ግን ቀለም ይገባበትና ይበላሻል። ሲደርቅ ትንሽ ዘይት ብታሺው ያብለጨልጫል።
ለ4 ዓመቱ ሻማ ስጪው። የተቀቀለና የቀዘቀዘ እንቁላል ላይ በነጭ ሻማ ይሞነጫጭር፣ ቀዝቃዛ ቀለም ውስጥ ይንከረው፣ ሻማ የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም። ሙቅ ከሆነ ሻማው ይቀልጣል።

አንድ አባት
ይቅርታ ግን ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ? እኛ ዶሮ አለን፣ ዳቦ አለን።

የመንዝ ልጅ
ጋሼ፣ ግሪኮቹም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ለፋሲካ እንቁላል ቀይ ያቀልማሉ፣ የክርስቶስ ደም ምሳሌ ነው ይላሉ። ሁለት ሰው ጫፍ ለጫፍ ያጋጭና ያልተሰነጠቀለት ያሸንፋል። ዳቦውን ማን ነካው?

አንድ አባት
እሺ፣ ማጋጨቱን ወድጄዋለሁ።

የደጋ ሰው
ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ቆላ 10 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 14፣ 15 ይፈልጋል። እንቁላሉን ከፍሪጅ አውጥተሽ ወዲያው የፈላ ውሃ ውስጥ አትጨምሪ፣ ይሰነጠቃል። ከቀዝቃዛው ጀምሪ።

የመንታዎቹ እናት
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ሙቁን ድስት እኔና ትልቋ እንይዛለን፣ ትናንሾቹ ሻማው ላይ ይሆናሉ። ስቶኪንግ ግን የለኝም፣ በምን ልተካው?

ጣርማበር
ከፋርማሲ ፋሻ ግዢ፣ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልይው። የራሱን መስመር ያትምበታል፣ እሱም ያምራል።