ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወደ ካናዳ ያስላካችሁ እርዱኝ

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከምርጫው ወዲህ ብሎካችን ውስጥ ቡና መጠራራት ቀርቷል። ስምንት ዓመት ሙሉ ቁልፋችንን የምንተውላት ጎረቤታችን እንኳን ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ትምህርት የተጀመረ ሰሞን ደግሞ የ7 ዓመት ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ «አባዬ፣ እኛ የማን ወገን ነን?» አለችኝ። በጣም ነው ያመመኝ። የዛን ቀን ማታ ከባለቤቴ ጋር በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ካናዳ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ በቋሚነት የምትቀበልበት መንገድ) እንሞክር ተባባልን።

በሲቪል ምህንድስና ዲግሪ አለኝ፣ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን አይኤልትስ ወስጃለሁ፤ ውጤቱ ግን የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ጊዜው እየሄደብኝ ነው። የተጣበቅኩት የትምህርት ማስረጃ ግምገማው ላይ ነው። ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለገምጋሚው ድርጅት መላክ አለበት። የወጪ መጋራቱን ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ የፖስታውንም እችላለሁ ብያለሁ። ሬጅስትራር ሦስቴ ተመላለስኩ፤ አንዴ «ሲስተም የለም»፣ አንዴ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ በመጨረሻ ደግሞ «አሽገን እንስጥህና ራስህ ላከው» አሉኝ፣ እኔ ከላክሁት ግን ተቀባይነት እንዳያጣ ፈራሁ።

በቅርቡ ያስላካችሁ ካላችሁ፣ ሬጅስትራር ውስጥ የትኛውን ክፍል አናግራችሁ፣ ምን ዓይነት ማመልከቻ አስገብታችሁ ነው በቀጥታ የላኩላችሁ?