የ11ኛ ክፍል ምርጫ ጨንቆኛል፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ የምኖር የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። 10ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ እስከ ዓርብ ድረስ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ብዬ ቅጽ ሞልቼ ማስረከብ አለብኝ።

አባቴ ሐኪም እንድሆን ይመኛል። ጎረቤቱም ከሕፃንነቴ ጀምሮ «ዶክተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። እኔ ግን የትምህርት ቤታችንን ቤተ ሙከራ ተቆልፎ ነው የማውቀው። ማይክሮስኮፕን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጬ በደብተሬ ሥያለሁ እንጂ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ኮምፒውተርም የተማርነው እንዲሁ ነው፤ የክፍሎቹን ስም ሸምድደን ተፈተንን። ያልሞከርኩትን ነገር መውደዴን ወይም አለመውደዴን በምን ልወቅ?

እውነቱን ለመናገር የምወደው ካርታ ነው። የዓባይን ገባሮችና የወሎን ተራሮች ማንም ሳያዘኝ እየሣልኩ አመሻለሁ። ጂኦግራፊ ግን የሚሰጠው በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ነው፤ ፊዚክስንና ሒሳብን ደግሞ አልጠላም። አባቴ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እያነሣ «ልብህ በሌለበት ገብተህ እንዳትወድቅ» ይለኛል። ልቤ የት እንዳለ ስነግረው ግን ዝም ይላል። ይህ ዝምታው ከቁጣ ይበልጥ ይከብደኛል።

በቅየሳ፣ በካርታ ሥራ ወይም በጂኦሎጂ የምትሠሩ ታላላቆቼ፣ በየትኛው መስክ በኩል ገባችሁ? አባቱን ሳያስቀይም ምርጫውን ያስረዳ ካለስ ንግግሩን ከየት ጀመረ?