3.41 ግራም የሚመዝን የ1649 የኡትሬክት ዱካት፦ ቀዳዳው ተደፍኖ ይሆን?

ሄኖክ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አምስተርዳም ያለ ሻጭ በፈረንጆች 1649 በኔዘርላንድ ኡትሬክት የተመታ ዱካት፣ ማለትም የድሮ የወርቅ ሳንቲም፣ ነው ይለኛል። በአንዱ ገጽ ሰይፍና የታሰሩ ፍላጻዎች የያዘ ባለ ጥሩር ወታደር ቆሟል፤ በሌላው በአራት ማዕዘን ውስጥ ጽሑፍ አለ። ክብደቱ 3.41 ግራም ነው። ከወታደሩ ራስ በላይ ግን ቀለሙ የተለየ ክብ ነጥብ ይታያል። ሳልጭረው እንዴት ልመርምረው?

ወርቅ ሠሪው፦ ዱካት ሕጋዊ ክብደቱ 3.49 ግራም ገደማ፣ ንጽህናው ከሺህ 986 እጅ ነው። የ0.08 ግራም ጉድለት በመታሸት ወይም ጠርዙ በመቆረጡ ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን አያስፈርድም። በውሃ መዝነው። ትንሽ ብርጭቆ ውሃ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረህ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው፣ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። እውነተኛ ከሆነ ሚዛኑ 0.18 ግራም ያሳያል። 18 ካራት ወርቅ 0.22፣ ወርቅ የተለበጠ ብር 0.32 አካባቢ ይሰጣል። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ቁጥሩ ስለሚያድግ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምር። ሚዛኑ 0.001 ግራም የሚያነብ ቢሆን ይመረጣል።

ሰላም_ቲ፦ ጽሑፉንም አንብብ። በወታደሩ ዙሪያ «ኮንኮርዲያ ሬስ ፓር ክሬስ» የሚለው የላቲን ጽሑፍ በ«ትራ» ማለቅ አለበት፤ የኡትሬክት ምልክት እሱ ነው። «ሆል» ካለ የሆላንድ ክፍለ ሀገር ነው። ክቡ ትንሽ ቢዛነፍ አትደንግጥ፣ በመዶሻ የተመታ ነው። ፊደሎቹ የደበዘዙ፣ ሜዳው (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ገጽ) ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ያሉት፣ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር የሚታይበት ከሆነ ግን በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው።

ሄኖክ፦ አመሰግናለሁ። ውሃው 0.18 ሰጠኝ፤ ጽሑፉም «ትራ» ይላል።

ወርቅ ሠሪው፦ እንግዲያው ብረቱ ልክ ነው። ነጥቡን ግን ውሃው አይነግርህም፤ ድፍኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሁለቱንም ገጽ በአንድ ቦታ እይ። ፊደል ተቋርጦ በእጅ የተቀረጸ ከመሰለ ቀዳዳ ነበረው፤ ብዙ ዱካት ለአንገት ጌጥ ተበስቷል። የኤክስሬይ መመርመሪያ ያለው ሱቅ ነጥቡንና ሜዳውን ለየብቻ ይለካልህ፤ ብየዳ ከሆነ ብሩ ወይም መዳቡ ከፍ ይላል።

ሰላም_ቲ፦ ከተደፈነ እንደ ጤነኛ ዱካት አትክፈል። መነሻህ የወርቁ ዋጋ ይሁን፦ 3.41 በ0.986 ሲባዛ 3.36 ግራም ንጹህ ወርቅ ነው፣ በዕለቱ የግራም ዋጋ አባዛው። ሻጩ «ላጽዳልህ» ካለ እምቢ በል፤ ፖሊሽ የነካው ሳንቲም ጭረቱ አይመለስም።