ከሥር የሚረግፍ ልስን፣ አሮጌ በር፣ ያረጀ ወለል፦ ሁሉን ሳናፈርስ እንዴት እናድስ?

ጀማሪዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምናድሰው ቤት ግድግዳው በኖራ የተገነባ የሸክላ ጡብ ነው፤ ኋላ ላይ ከውስጥ በሲሚንቶ ተለስኗል። በሁለት ክፍሎች ልስኑ ከወለል እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ አብጦ ይረግፋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። የተጎዳው ግድግዳ በድምሩ 26 ሜትር ይረዝማል። ኮንትራክተሩ ልስኑን በሙሉ አውርዶ እንደገና በሲሚንቶ ለስኖ፣ በጄሶ አስተካክሎ ፕላስቲክ ቀለም ልቀባ ይላል። የጣውላ በሮቹ ተጥለው በኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ በተጨመቀ ሰሌዳ) ይተኩ፣ የወለሉ ሴራሚክም ይነሳ ባይ ነው። ይህን ሁሉ ፍርስራሽ ጥሎ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ማስገባት አልዋጥልህ ብሎኛል። የቱ ይቅር፣ የቱስ በምን ይተካ? መጠኑን በቁጥር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቱንቢ
እህቴ፣ ልስኑን ለጊዜው ተዪውና ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ እርጥቡ ቦታ ላይ አድርገሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊ፤ 48 ሰዓት ይቆይ። ጠብታው በግድግዳው በኩል ከታየ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የቤቱ እንፋሎት ነውና የሚያስፈልግሽ መስኮት መክፈት እንጂ ልስን አይደለም።

ከግድግዳው ከሆነ ወደ ውጭ ውጪና የመሬቱን ከፍታ ለኪ። የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አፈር ሲደለደልና ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲነጠፍ ኖሮ መሬቱ ከወለሉ እኩል ደርሶ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። አፈሩን ቁፈሪና ዝቅ አድርጊ፤ አሸንዳው የሚያወርደውም ውሃ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ይፍሰስ። ከዚያ ግድግዳው እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል፤ ቸኩሎ የለሰነ ሁለቴ ይለስናል።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ጠርገሽ፣ ሰብስበሽ ጣዪው። እንዳታጥቢው፤ በውሃ ሲሟሟ ተመልሶ ጡቡ ውስጥ ይገባል።

ኖራ በጥባጭ
ቱንቢ ያለው ትክክል ነው። ሲሚንቶው የረገፈበትን ምክንያት ልጨምርልሽ። ጡቡ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ክፍሉ ወጥቶ መትነን ይፈልጋል። ሲሚንቶው መውጫ ሲነሳው ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል፤ የያዘው ጨው እዚያው ደርቆ ሲጠጥር ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ሲሚንቶ በሲሚንቶ ብትተኪው ችግሩ ከፍ ብሎ ሌላ ቦታ ላይ ይወጣል። ጄሶማ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ እዚያ ግድግዳ ሥር ጨርሶ ቦታ የለውም።

ሁሉንም አታውርጂ። የሚረግፈውንና ከእርጥበቱ መስመር በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አንሺ፤ ይህም 90 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሽ አዳምጪ፤ ባዶ ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ አትንኪው። መገናኛውን በቀጥታ መስመር ቁረጪ፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ከቀረ በኋላ ስንጥቁ በዚያው ቅርጽ ይከተላል።

ስሌቱ፦ 26 በ0.9 ሲባዛ 23.4 ካሬ ሜትር። ውፍረቱ በሁለት ድርብ 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን 0.47 ሜትር ኩብ፣ ለብክነትና ለጡቡ መገጣጠሚያ 10 በመቶ ስትጨምሪ 0.52 ገደማ። ድብልቁ በመጠን አንድ እጅ የተነከረ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። ኖራው በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ የአሸዋው መጠን ከልስኑ መጠን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በ20 ሊትር ባልዲ 26 ባልዲ አሸዋና 9 ባልዲ ኖራ ይበቃሻል።

ኖራ ስትገዢ ተጠንቀቂ። ለእርሻ የሚሸጠው ኖራ የተፈጨ ድንጋይ እንጂ የተቃጠለ አይደለም፤ አይዝም። የግንባታ ኖራም ጆንያው ተከፍቶ ከቆየ አየር በልቶት ይሞታል። አንድ ማንኪያ ዱቄት ላይ ኮምጣጤ አፍስሺበት፤ ክፉኛ ከተንቸከቸከ ጥቅም የለውም፣ ጥቂት አረፋ ግን ያለ ነው። ዱቄቱን በውሃ ነክረሽ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሳምንት አቆዪው። ያልበረደ የድንጋይ ኖራ ካገኘሽ ሁልጊዜ ኖራውን ወደ ውሃው ጨምሪ፤ ውሃውን ኖራው ላይ ካፈሰስሽ ፈልቶ ይፈናጠራል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል።

አሸዋው ሻካራና የታጠበ፣ እህሉ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ይሁን። እርጥቡን ጨብጠሽ ስትለቂ መዳፍሽ ላይ ጭቃ ከቀረ አፈር አለበት፤ ልስኑን የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ለመጀመሪያው ድርብ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ቃጫ ጨምሪበት።

ጡቡን ከዋዜማው ጀምሮ አርጥቢ። መጀመሪያ 10 ሚሊ ሜትር ለስነሽ ገና ሳይጠጥር በሹል እንጨት አግድም ጫሪው። ጥፍርሽ እስከማይገባበት ድረስ ጠብቂ፤ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን። በአንድ ጊዜ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ የተለሰነ ኖራ መሰንጠቁ አይቀርም። በነገራችን ላይ ኖራ ሲጠነክር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ሲቃጠል የለቀቀውን ይመልሳል፤ ከሲሚንቶ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ውሃልክ
የመጨረሻዋን አንድ ላርማት። ኖራ የሚመልሰው ከድንጋዩ የወጣውን፣ እሱንም በከፊል ነው። ለምድጃው የተቃጠለው ነዳጅ ያወጣው አይመለስም። ለሲሚንቶ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው በምድጃ የተቃጠለ ድንጋይ) ሲሠራ ከሚወጣው ካርቦን 60 በመቶ ያህሉ ከድንጋዩ፣ ቀሪው በዋናነት ከነዳጁ ነው። ስለዚህ ኖራውንም አታባክኚ። ትልቁ ቁጠባ ያላወረድሽው ልስን ነው፤ እሱ ምንም ምርት አይጠይቅም።

ወለሉም እንደዚያው። እያንዳንዱን ሴራሚክ በሳንቲም አንኳኪ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጡት ከአሥር አንድ ከሆኑ እነሱን ብቻ ቀይሪ። መልኩ ካልተስማማሽ አሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ይቻላል፤ ማፍረሱ ይቀራል። ወለሉ ግን ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል በሮቹ ከሥር ይላጋሉ፤ የመጸዳጃ ቤቱም ፍሳሽ መውረጃ ከፍ መደረግ አለበት። የድሮውን ሴራሚክ ልሙጥ አንጸባራቂ ገጽ በአልማዝ ዲስክ ካልቧጠጥሽው ማጣበቂያው አይዝም። የመፋቂያው ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነውና ውሃ እየረጨሽ፣ ጭንብል አድርገሽ ሥሪ።

አንድ ነገር፦ ኮርኒሱ ወይም ጣሪያው የቆየ ግራጫ፣ ሲሚንቶ መሳይ ሉህ ከሆነ አትቁረጪው፣ አትብሺው። አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫማ ማዕድን) ሊኖረው ይችላል፤ በዓይን አይለይም፤ እንደሌለበት በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ በስተቀር ባለበት ይቆይ።

መጋዝ
በሮቹን እንዳትጥያቸው! የቆየ ጣውላ ብዙ ጊዜ አሁን ከሚገዛው ይሻላል። የሚበላሸው በአብዛኛው የታችኛው አግድም እንጨት ነው፤ እሱን በሹል ብረት ውጊው፤ ብረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ካልገባ እንጨቱ ጤነኛ ነው። ከበሰበሰ ያንን ክፍል ብቻ ቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት መቀጠል ይቻላል። የሚያጣብቅ በር ሁልጊዜ ያበጠ አይደለም፤ መጀመሪያ የማጠፊያውን ብሎኖች አጥብቂ። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ከዞረ ኮላ የተቀባ የእንጨት ችንካር አስገብተሽ፣ ኮላው ሲደርቅ እንደገና ብሺው።

የቆየው ቀለም ሊድ (መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። በደረቁ አትፈትጊው፣ በእሳትም አታቃጥዪው። መጀመሪያ በሊድ መመርመሪያ ፈትሺው፤ ካለበት ሥራው በውሃ የረጠበ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር በዚያ አካባቢ አይኑሩ። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቢና ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጊ። ጨርቁን ጨምድደሽ እንዳትጥዪው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ውሃ ውስጥ ንከሪው ወይም ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

ኤምዲኤፍ ግድ ከሆነ የፎርማልዴሃይድ (ከሙጫው የሚወጣ ጎጂ ጋዝ) ልቀቱ ዝቅተኛ መሆኑ፣ ማለትም E1 ደረጃው፣ ይጠየቅ። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ይታሸግ፤ ብዙ የሚለቅቀውም፣ ውሃ የሚጠጣውም ጠርዙ ነው። በኮላ ፋንታ በብሎን ይታሰር፤ ነገ ተፈትቶ ሌላ ነገር ይሆናል።

ጀማሪዋ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሞከርኩ፤ አራተኛው ቀን ላይ በጣቴ ስነካው ገጹ ዱቄት ይላል። አሸዋውን ፈትሼዋለሁ፤ መዳፍ ላይ ጭቃ አይተውም። ምን አጠፋሁ? ቀለሙስ ምን ይሁን?

ኖራ በጥባጭ
ቶሎ ደርቋል። ኖራ ካርቦን የሚስበው እርጥበት ሲኖረው ነው፤ ውሃው ቀድሞ ካለቀ መጠንከሩ ይቆማል። ፀሐይ ይገባል ወይስ መስኮቱ ክፍት ነው? እርጥብ ጆንያ ወይም ሸራ ከፊቱ አንጠልጥዪ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በጭጋግ መልክ ርጪበት። ላዩ ብቻ ከሆነ ጥረጊውና በዚህ መልክ ቀጥዪ፤ በጥፍር ሲቧጠጥ እስከ ውስጥ ከረገፈ አንሺው። ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜም አይሠራም።

ቀለሙ ራሱ ኖራ ይሁን፤ ፕላስቲክ ቀለም ያን የእርጥበት መውጫ መልሶ ይዘጋዋል። የተነከረውን ኖራ እንደ ወተት አቅጥነሽ በወንፊት አጥሪ፤ ግድግዳውን አርጥበሽ ስስ አድርገሽ አራት ወይም አምስት ጊዜ ቀቢ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን። እርጥቡን ስታዪው ምንም ያልተቀባ ይመስላል፤ ማግስቱን ነጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያኔ ደንግጠሽ ካወፈርሽው ይላጣል። ቀለም ከፈለግሽ የብረት ኦክሳይድ ወይም የአፈር ቀለም ብቻ፣ ከኖራው ክብደት ከ10 በመቶ አይብለጥ፤ ሲደርቅ በጣም ስለሚፈዝ መጀመሪያ በካርቶን ላይ ሳይሆን በዚያው ልስን ጥግ ላይ ሞክሪው።