«ሆቴል ካሊፎርኒያ»፦ ሰሙ ሆቴል ነው፣ ወርቁስ?

ቅኔ ናፋቂ፦
የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኢግልስ ዘፈን «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ወደ አማርኛ ሲመለስ ሦስት ቦታ ላይ አልፈታ ይላል። መግቢያው ላይ ሽታው የሚመጣው «ኮሊታስ» ምንድነው? እንግዳው ወይን ሲያዝ «ያ ስፒሪት ከ1969 ወዲህ እዚህ የለም» ይሉታል፤ ስፒሪት የሚባለው ግን ውስኪና መሰሎቹ እንጂ ወይን አይደለም፣ ስህተት ነው? በቢላ የሚወጉት አውሬስ እውነት ሰይጣን ነው?

መዝገበ ቃል፦
ከሁለተኛው ልጀምር፣ ቁልፉ እዚያ ነው። ስህተት ሳይሆን ኅብረ ቃል ነው። «ስፒሪት» በእንግሊዝኛ ጠንካራ መጠጥም ነው፣ መንፈስም። ሰሙ መጠጡ፣ ወርቁ የዚያ ዘመን ወጣቶች ተስፋ፤ እ.ኤ.አ. 1969 በኦገስት የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል፣ በዲሴምበር ደግሞ አልታሞንት ላይ ሰው በቢላ የተገደለበት ኮንሰርት የተካሄደበት ዓመት ነው። የባንዱ ዘፋኝና ግጥሙን ከጻፉት አንዱ ዶን ሄንሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠየቅ ስንኙ ስለ መጠጥ እንዳልሆነ ተናግሯል። «መንፈስ» ብለህ ብትተረጉም ሰሙ ይጠፋል፣ «አረቄ» ብትል ወርቁ። «ሞቅታ» ግን ሁለቱንም ይሸከማል።

ዓመቱ ላይ «እ.ኤ.አ.» መጻፍ እንዳትረሳ። አልበሙ የወጣው ዲሴምበር 1976 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1969! ሳታብራራ ከተውከው «ከ1969 ወዲህ» የሚለው ምፀት ድራሹ ይጠፋል።

«ኮሊታስ» በስፓኒሽ ቃል በቃል «ትንንሽ ጭራዎች» ነው፣ በሜክሲኮ የመንገድ ቋንቋ የካናቢስ እምቡጥ። የአበባ ስም አድርገው የሚተረጉሙት ለዚህ ነው የሚሳሳቱት። እንግዳውን ስለምትቀበለው ሴትዮ የሚለውንም ከጽሑፍ እየው፦ ጆሮ «መርሰዲስ ቤንዝ» ይሰማል፣ የተጻፈው ግን «ቤንድስ»፣ መጉበጥ ማለት ነው። ሀብቱ ራሱ ነው ያጎበጣት።

ዳር ተመልካች፦
የሰይጣኑ ነገር ወርቅ ፍለጋ ሰሙን መርገጥ ነው። የአልበሙ ሽፋን ላይ ያለው ሕንፃ ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው እንጂ ቤተ ጣዖት አይደለም። የቢላው ቅጽል «ስቲሊ» (የብረት) የስቲሊ ዳንን ባንድ መጎንተል ነው፤ እነሱ በዚያው 1976 በወጣ ዘፈናቸው ኢግልስን በስም ጠቅሰው ነበር። አውሬው ደግሞ ከመብል አዳራሹ ጋር ሲነበብ ሱስና ስግብግብነት ነው፦ ሁሉም ይወጉታል፣ ሁሉም ማዕዱ ላይ ናቸው።

12 ክር፦
ግጥሙ ብቻውን አይበቃም፣ ወጥመዱ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ውስጥም አለ። የስንኙ ዙር ስምንት ኮርድ ነው፦ ቢ ማይነር፣ ኤፍ ሻርፕ 7፣ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ ሻርፕ 7። ካፖ (የጊታሩን ክሮች አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) 7ኛው ፍሬት ላይ ካሰርክ ከኢ ማይነር ቅርጽ ትጀምራለህ። የመጨረሻው ኮርድ ጆሮን ወደ መጀመሪያው ይጎትታል፣ ዙሩ ራሱን አይዘጋም። የመጨረሻው ስንኝ «ባሰኘህ ጊዜ ቼክ አውት ማድረግ ትችላለህ፣ መውጣት ግን አትችልም» ሲል መዝጊያው ያረፈው በዚሁ በኤፍ ሻርፕ ላይ ነው። ከዚያ ዘፋኙ አይመለስም፤ የባንዱ ጊታሪስቶች የፌልደርና የዋልሽ ጊታሮች ያንኑ ዙር ሁለት ደቂቃ ያህል እየደጋገሙ ድምፁ ይከስማል። ጊታሪስቶች መድረክ ላይ ቢ ማይነር መትተው ሲጨርሱት እንግዳውን በር ከፍተው ማስወጣታቸው ነው።

ቅኔ ናፋቂ፦
«ሞቅታ»ን ወስጃለሁ። «ቼክ አውት»ስ? ከሆቴል ሒሳብ ከፍሎ መልቀቅ ነው፣ በእንግሊዝኛ መሞትም ማለት ነው።

መዝገበ ቃል፦
«ሒሳብህን መዝጋት ትችላለህ» በለው። የሆቴሉም የዕድሜም ሒሳብ ይሆንልሃል።