ከዊንዶውስ 7 እና ከአሮጌው ሰርቨር መውጣት፦ ካርድ ክፍሉን ሳንዘጋ እንዴት?

አይቲ አራዳ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ጥያቄው አራዳ ውስጥ ላለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። 140 ኮምፒውተር አለን፤ አብዛኛው ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል፣ 4 ጊጋ ዲዲአር 3 ራም፣ ዊንዶውስ 7። የካርድ ክፍልና የፋርማሲ ዳታቤዙ ያለው ኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 አር 2 ላይ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ የሲቢሲ (የደም ሴል መቁጠሪያ) ማሽን አለ። በጀቱ ለ40 አዲስ ኮምፒውተርና ለአንድ ሰርቨር ብቻ ይበቃል። ከየት እንጀምር? ቀሪዎቹን 100ስ ምን እናድርጋቸው?

ጥገና ክፍል
ሦስተኛ ትውልድ ላይ ዊንዶውስ 11 አይታሰብ፤ ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴልና ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ይፈልጋል። ማለፊያ ዘዴ አለ፣ ግን አንዱ ትልቅ አፕዴት እምቢ ያለ ቀን 100 ማሽን በእጅ ትዞራላችሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

በብሮውዘር ብቻ ለሚሠሩት፣ ለምሳሌ ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት ሲስተም) ለሚያስገቡት፣ ኡቡንቱ 24.04 (ነፃ የሊኑክስ ሲስተም) ጫኑ። ለእያንዳንዱ 240 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ እና 4 ጊጋ ተጨማሪ ራም ይበቃል። ራሙ የዴስክቶፕ ዲዲአር 3 ይሁን፤ ዲዲአር 4 ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ሽፋኑ ተከፍቶ እያለ ሲአር 2032 ባትሪውንም ቀይሩ። እሱ ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ብሮውዘሩ ሰርተፍኬቱን አይቀበልም፣ ሠራተኛው ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይደውላል።

አዲሶቹ 40 ለካርድ ክፍል፣ ለፋርማሲና ለገንዘብ ቤት ይሁኑ። ለኃላፊ ቢሮ ከተከፋፈሉ ሥራው እዚያው ቆመ ማለት ነው።

ዳታቤዝ ሰው
ኮምፒውተሩ ቀላሉ ነው፤ ከሰርቨሩ ጀምሩ። የ2008 አር 2 ባክአፕ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ላይ ሪስቶር ይሆናል። ከአዲሱ ወደ አሮጌው ግን አይመለስም፤ ስለዚህ አሮጌውን አታጥፉት፣ አታጽዱትም። ሎጊኖች (የሰርቨሩ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል) ከዳታቤዙ ጋር አብረው አይመጡም፤ ዩዘሮቹን እንደገና ማያያዝ ግድ ነው፣ አለዚያ ሲስተሙ ይከፈትና ማንም አይገባም። የተኳኋኝነት ደረጃውን (ዳታቤዙ የየትኛውን እትም ጠባይ እንደሚይዝ የሚወስነውን ቁጥር) መጀመሪያ 100 ላይ፣ ማለትም እንደ 2008 አር 2፣ ተዉት፤ ከፍ ማድረጉ ቆይቶ ይደርሳል። የ2022 ኤክስፕረስ (ነፃው) እትም ለአንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋ በላይ አይፈቅድም፤ ስካን የተደረገ ካርድ ካላችሁ አይበቃችሁም።

ትልቁ ጣጣ ስምና ቀን ላይ ነው። ስሞቹ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው የጋራ ደረጃ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፉ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት እንጂ ፊደል አይደለም። ፎንቱን አዲሱ ማሽን ላይ ብትጭኑት ስሙ ይታያል፣ ፍለጋው ግን አያገኘውም። በዩኒኮድ የተጻፈው «አበበ» ከድሮው «አበበ» ጋር ስለማይገናኝ ለአንድ ታካሚ ሁለተኛ ካርድ ይከፈታል። ቅጂ ላይ ቀይሩት፤ 200 ስም አትማችሁ ካርድ ክፍል ያንብበው። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ፍለጋው ላይ አንድ አድርጉ እንጂ የተመዘገበውን ስም አትንኩ።

ቀኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ጽሑፍ ተቀምጦ ይገኛል። ወደ ቀን ዓይነት ሲቀየር ጳጉሜንና ጥቅምት 30 ስህተት ይሰጣሉ፤ እነሱስ ደግ ናቸው፣ ይታያሉ። ክፉው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው፦ የካቲት 15 ቀን 2010 (15/06/2010) የፈረንጅ ጁን 15 ቀን 2010 ሆኖ ይገባል፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያረጃል። ዋናውን ጽሑፍ በራሱ ዓምድ አስቀሩና የተቀየረውን ሌላ ዓምድ ላይ ጻፉ። መቀየሪያውን በመስከረም 1 ቀን 2012 ፈትኑት፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ካልሰጠ ጳጉሜን 6ን አያውቅም።

ባዮሜዲካል
የሲቢሲውን ኤክስፒ አታሳድጉት፤ የማሽኑ ሶፍትዌር አዲሱ ላይ ላይነሳ ይችላል። መጀመሪያ ዲስኩን በክሎንዚላ (ዲስክን እንዳለ በሚቀዳ ፕሮግራም) ገልብጡ። ባዮስ ውስጥ የሳታውን (የዲስክ ማገናኛውን) ሞድ ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ አትቀይሩ፣ ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚያመጣው። ከዚያ በተለየ ቪላን (ከሌላው በተነጠለ የኔትወርክ ክፍል) አስቀምጡት፦ ኢንተርኔት የለም፣ ፍላሽ የለም፣ ውጤት ለሚቀበለው አንድ ኮምፒውተር በአንድ ፖርት ብቻ። በፈረንጅ 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት ሲመታ በኤስኤምቢ 1 (በድሮው የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ) በኩል ነበር የተዛመተው፤ የተጠቁት በብዛት አፕዴት ያልተደረጉ ዊንዶውስ 7 ነበሩ። እናንተም ከዚህ ማሽን በቀር ኤስኤምቢ 1ን በሁሉም ላይ ዝጉ።

አይቲ አራዳ
እግዜር ይስጥልን። መቀየሪያው ቀን መቼ ይሁን? ቅዳሜ ሌሊት አስበናል።

ዳታቤዝ ሰው
ቅዳሜ ሌሊት ጥሩ ነው፤ ከወሩ 20 እስከ 26 ግን አይሁን፣ ወርሃዊ ሪፖርት የሚዘጋበት ነው። ድንገተኛ ክፍል ስለማይዘጋ 300 ያልተሰጡ የካርድ ቁጥሮች አስቀድማችሁ ያዙና በወረቀት አትማችሁ ስጡ፤ አለዚያ ሌሊት በእጅ የተሰጠው ቁጥር ጠዋት ሲስተሙ ከሚሰጠው ጋር ይጋጫል። ዩፒኤሱን ሰርቨሩ በርቶ ሶኬቱን በመንቀል አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ሞክሩት። እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት የካርድ ብዛት ከአሮጌው ጋር እኩል ካልሆነና ፋርማሲው አንድ ትዕዛዝ አስገብቶ ካላተመ፣ ወደ አሮጌው ተመለሱና ለሌላ ቅዳሜ አስተላልፉት።