ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ቢገዛ የት ይሞላል? ቢበላሽበትስ ማንን ይይዛል?

የጀሞ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ጀሞ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለ11 ዓመታት ያሽከረከርኳትን ቪትዝ ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ከባለቤቴ ጋር ስንመካከር ሦስት ወር ሆነን። ወደ ውሳኔ በቀረብን ቁጥር አዲስ ጥርጣሬ ስለሚነሣብን፣ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወደዚህ የገፋኝ የነዳጅ ወጪ ነው። ድጎማው በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው በየጊዜው እየጨመረ መጥቶ፣ በ2017 ዓ.ም አጋማሽ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ በወረፋ የሚባክነውን ግማሽ ቀን ደግሞ ማንም አይመልስልንም። መንግሥትም በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ በኋላ፣ አዲስ መኪና እገዛለሁ ለሚል ሰው የቀረው መንገድ በተግባር አንድ ነው። በመርሁ አልከራከርም። ነዳጅ በዶላር የምትገዛ፣ ኤሌክትሪኳን ግን ከራሷ ወንዞች የምታመነጭ አገር ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ብታዘነብል ለማንም የሚገባ ስሌት ነው።

ያልገባኝ ኪሳራ ሲመጣ በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ባለፈው ወር ወደ አንድ መሸጫ ሄጄ ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው ስጠይቅ፣ ሻጩ ሳያመነታ «ስምንት ዓመት» አለኝ። በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ግን ዋስትናው የአምራቹ እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ፣ አምራቹም ያለው ቻይና እንደሆነ አስረዳኝ። መለዋወጫስ ብዬ ስጠይቅ «አሁን ሁሉም ነገር ይመጣል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። እነዚህ መኪኖች እንዲገቡ ሲበረታቱ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስና ኤክሳይስ ተነሥቶላቸው፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚመጡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል መደረጉን እናስታውሳለን። አገር ይህን ያህል ገቢ ትቶ ሲያበረታታ፣ የተበረታታው ነጋዴ ቢያንስ ዋስትናውን በወረቀት የማስፈር ግዴታ ሊኖርበት አይገባም ነበርን? ሁለተኛው ጥያቄዬ የዕለት ተዕለት ነው፦ የራሱ ግቢ የሌለው ሰው መኪናውን የት ይሞላል?

የቀድሞ የመብራት ኃይል ሠራተኛ

የተከበሩ ጠያቂ፣ ዕድሜዬን በማከፋፈያ መስመር ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝና ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ የማውቀውን ልንገርዎ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ኃይሉ ይበቃናል ወይ?» ብሎ ነው። እስኪ እናስላው። አንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 8 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። መቶ ሺህ መኪኖች ይህንኑ ፍጆታቸውን በስምንት የሌሊት ሰዓቶች ተከፋፍለው ቢሞሉ፣ የሚጠይቁት 100 ሜጋዋት ያህል ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ስለሆነ፣ ይህ ከሃምሳ እጅ አንዱ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ችግር የለም። ችግሩ የሚጀምረው እርስዎ ግቢ በር ላይ በቆመው ትራንስፎርመር ነው።

ይህን በምጣድ ላስረዳዎ። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ32 አምፔር የሚሠራ የቤት ቻርጀር ደግሞ 7 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን እንደ መጣድ ነው። ምጣድ ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓታት ይጣዳል፤ ጎረቤቶችም ሁሉ በአንድ ሰዓት አይጋግሩም። የኮንዶሚኒየም መስመር የተዘረጋው ይህንኑ ልማድ ታሳቢ አድርጎ ነው። መኪና ያለው ሰው በበኩሉ ከሥራ ገብቶ እራት ሳይቀርብለት ይሰካል፤ ያውም ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያበስልበትና ቴሌቪዥን በሚከፍትበት ጊዜ። በአንድ 315 ኪቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው፤ ከኪሎዋት ጋር ይቀራረባል) ትራንስፎርመር ሥር 30 መኪኖች በዚያ ሰዓት ቢሰኩ፣ ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛውን ለብቻቸው ይወስዱታል።

ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ማራዘሚያ ገመድ አውርዶ መሙላትን በየሰፈሩ አያለሁ፤ እባክዎ አያድርጉት። ቀጭን ገመድ ለሰዓታት ከባድ ጭነት ሲሸከም ይግላል፣ መሰኪያው ይቀልጣል፣ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ከታች የሚጫወቱ ልጆች አሉ። በተራ መሰኪያ በ10 አምፔር ቢሞሉ እንኳ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅብዎታል። የሚያዋጣው ከቆጣሪ ተነሥቶ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ የመሬት መስመር፣ በተለምዶ ኧርዝ የምንለው፣ ማግኘት ነው። ብዙ ሰው «ቻርጀሩ አልሠራ አለ» ብሎ የሚያማርረው የሕንፃው ኧርዝ በወረቀት ላይ ብቻ ስለሆነ ነው።

በጋራ ቆጣሪ መሙላትንም አይሞክሩት። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው እርከን የሚወጣ ነው፤ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የተጀመረውና በአራት ዓመታት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ የሚታከለው ጭማሪም አለ። የእርስዎ መኪና የጎረቤቶችዎን ሒሳብ ሲያሳድግ የሚከተለውን ጠብ ያውቁታል።

ታዛቢ ከሳሪስ

አባታችን ያሉት ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ጉዳይ ተዘለለ። በእኛ ሰፈር መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ለሳምንታት የጠበቅንበት ጊዜም አለ። ከሕዝቡ ግማሽ ለሚሆነው ገና መብራት ሳይደርሰው፣ ከውጭ የመጡ ኩባንያዎች ግን ኮምፒውተር ደርድረው ሌት ተቀን ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ እንዲያመርቱ ርካሽ ኃይል ይሸጥላቸዋል። እኔ ስለ መኪና ባትሪ ከመከራከር በፊት ኃይሉ ለማን ይቅደም የሚለው መመለስ አለበት ባይ ነኝ።

የቀድሞ የመብራት ኃይል ሠራተኛ

ልጄ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውብሃል። እነዚያ ኩባንያዎች ኃይሉን የሚወስዱት በከፍተኛ ቮልቴጅ በቀጥታ ከሰብስቴሽን፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ሰፈር መስመር ከመውረዱ በፊት ከሚያልፍበት ትልቅ ጣቢያ ነው። ነገ ጠቅልለው ቢሄዱ የሳሪስ ትራንስፎርመር በዚያ ምክንያት አይድንም፤ እሱን የሚያቃጥለው የሰፈሩ ጭነትና ያረጀው ዝቅተኛ መስመር ነው። ደንበኛ የሌለው ኃይል ውኃ ሆኖ በግድቡ ከመፍሰሱ ይልቅ በዶላር ቢሸጥ ክፋት አላይበትም። በዚያም ላይ የኃይል መሥሪያ ቤቱ በዚህ ዘርፍ ለአዳዲስ አመልካቾች ኃይል መስጠት ማቆሙን በ2017 ዓ.ም አስታውቋል።

ክርክርህ የሚበረታው ገንዘቡ ላይ ነው። ድሮ አንድ የነበረው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሏል፤ አንደኛው ያመነጫል፣ ከፍተኛውንም መስመር ያስተዳድራል፣ ሌላኛው ደግሞ ለእኔና ለአንተ ያከፋፍላል። ዶላሩን የሚሰበስበው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ትራንስፎርመር መቀየር ያለበት ሁለተኛው ነው። ከዚያ ሽያጭ ምን ያህሉ ወደ ሰፈር መስመር ይወርዳል ብለህ ብትጠይቅ እኔም አብሬህ እጠይቃለሁ።

ባለ ጋራዡ

በጋራዤ ውስጥ ከምሠራቸው መኪኖች ግማሽ ያህሉ አሁን ኤሌክትሪክ ናቸውና ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ልናገር።

ወደ አገራችን ከገቡት ብዙዎቹ ለቻይና የውስጥ ገበያ ተብለው የተሠሩ መኪኖች ሲሆኑ፣ የሚያመጧቸውም የአምራቹ ወኪሎች ሳይሆኑ ከዚያው ገበያ እየገዙ የሚጭኑ ነጋዴዎች ናቸው። አምራቹ ዋስትና የሰጠው እዚያው ለሸጠበት አገር ስለሆነ፣ ሻጩ «የአምራቹ ነው» ሲልዎ ዋስትናው የለም ማለቱ እንደሆነ ይረዱ። ስክሪኑ ቻይንኛ ይናገራል፤ ካርታው አይሠራም፤ የስልክ መተግበሪያው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ የሶፍትዌር ማሻሻያም አይደርሰውም። የፈጣን መሙያው መሰኪያ የቻይናው ጂቢ ቲ ዓይነት ስለሆነ፣ በአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ብቻ በሚሠራ ጣቢያ ያለ ማገናኛ አይሞላም። ከመግዛትዎ በፊት ይህንን በዓይንዎ ይዩ።

ባትሪን በተመለከተ ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ነው። አንድ ደንበኛ «ዋናው ባትሪ ሞቷል» ተብሎ፣ ቤት ሸጦ እንኳ የማይከፍለው ዋጋ ተነግሮት መኪናውን አስጎትቶ አመጣልኝ። የሞተው እንደማንኛውም መኪና ያለው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነበር፤ እሱ ከሞተ ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ እያለ መኪናው አይነሣም። ይልቅ እኔ የምፈራው ከሥር መመታትን ነው። ባትሪው ከወለሉ በታች ተነጥፎ ስለሚገኝ፣ የእኛ መንገድ ጉድጓድና ማንም እንደፈለገ የሚሠራው የፍጥነት መቀነሻ ሽፋኑን ሊሰነጥቀው፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ሊያስገባበት ይችላል። ያኔ መለዋወጫው በዶላር ነው የሚታሰበው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ያገለገለ ከገዙ የባትሪው የጤና መጠን በመመርመሪያ ማሽን ይነበብ፤ ኪሎ ሜትሩ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል የሚያዩትን ቁጥር ብቻ አይመኑ።

ግዴታ ይጣል በሚለው ላይ ግን ከጠያቂው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ነገ እያንዳንዱ አስመጪ የራሱ ጋራዥና መጋዘን ይኑረው ቢባል፣ ሦስት አራት ትልልቆች ብቻ ይቀሩና ዋጋውን እነሱ ይቆርጡታል። እኛም ትንንሾቹ ጋራዦች ከሥራ እንወጣለን።

ከቨርጂኒያ

እዚህ አሜሪካ አምራቾች ለባትሪ በአብዛኛው የ8 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣሉ፤ ያም ቢሆን መኪናው ከተሸጠበት አገር ሲወጣ አብሮት አይሻገርም። ለወንድሜ አንድ ያገለገለ መኪና ልልክለት አስቤ ነበር። የአሜሪካው መሰኪያ ከቻይናውም ከአውሮፓውም የተለየ መሆኑን፣ አዲስ አበባ ላይ ዕውቀቱም መለዋወጫውም የተከማቸው በቻይና መኪኖች ዙሪያ መሆኑን ሳጣራ ተውኩት። ገንዘቡን ልኬለት እዚያው ጋራዦች በሚያውቁት ዓይነት እንዲገዛ አድርጌአለሁ። ወገኖቼ፣ ከዚህ የመላክ ሐሳብ ያላችሁ ሁሉ ደግማችሁ አስቡበት።

ባለ ጋራዡ ያነሡት ሥጋት ትክክል ነው፤ ነገር ግን መጋዘን ይኑርህ ማለትና የተናገርከውን ፈርም ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ትንሹንም ነጋዴ ከገበያ አያስወጣም።

የሕግ ባለሙያ

በአጭሩ፦ «የአምራቹ ዋስትና ነው» የሚለው አባባል ሻጩን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢው ግን ዕቃውን በጊዜው መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በስልክ ብቻ ሲለማመጥ ወራት እያለፉበት ነው። በውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካዩ ሳያሰርዙ አይፈርሙ። ስለ መሙያ ቦታው ደግሞ የመኪና ማቆሚያው የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ፣ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በተቋቋመው ማኅበር ጉባኤ ሳይወሰን በግል መስመር መዘርጋት ክርክር ያስነሣል።

የጀሞ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ግዢውን ለጊዜው አቆይተን ጉዳዩን በመጪው እሑድ ለነዋሪዎች ጉባኤ እንዲቀርብ አስመዝግበናል። በግቢያችን የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው አራት ሰዎች አሉ፤ እኔና ሌላ አንድ ጎረቤት ስንጨመር ስድስት እንሆናለን። ለማቆሚያው አንድ የተለየ ቆጣሪ በጋራ ብንጠይቅ፣ ትራንስፎርመሩ ስድስት መኪና ይችላል ወይ? አባታችን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የቀድሞ የመብራት ኃይል ሠራተኛ

ሰባት ሰባት ኪሎዋት ካላችሁ ጥያቄያችሁ ሊጓተት ይችላል። እያንዳንዱን በ16 አምፔር፣ ማለትም በ3.5 ኪሎዋት ገድቡት፤ ድምሩ 21 ኪሎዋት፣ የስድስት ምጣድ ጭነት ይሆናል። ሰዓት መቆጣጠሪያ ተገጥሞለት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ ቢሠራ፣ በአንድ ሌሊት ለእያንዳንዱ መኪና 28 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሰዋል፤ ያ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ማመልከቻው ላይ ሰዓቱንና የ21 ኪሎዋቱን ጣሪያ በግልጽ ጻፉ። ከእሑድ በፊት ደግሞ የትራንስፎርመሩን ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክዎ አንሥተው ይላኩልኝና አቅሙን አነብልዎታለሁ።